የአባ ኅሩይ መንኮራኩርና የእማሆይ አመተ ጽዮን ድርሻ

የሰው ልጅ በወዙ ይበላ ዘንድ ከተፈረደበት ከዚያ ከጥንቱ ዕለት ወዲህ፣ ከፍርዱ ጥቂት ለማስቀነስ ያልደከመበት ዘመን የለም፤ በሬን ጠመደ፣ ነፋስን በሸራ ያዘ፣ ወራጁን ውሃ በቦይ መራ፣ በዚህ በእኛ ዘመንም ፀሐይን ሳይቀር በሰሌዳ ተቀብሎ ለመብራት አዋላት። መልካም አደረገ፤ ማን ይነቅፈዋል? ነገር ግን ጉልበቴ እየከዳኝ፣ አቀበት ስወጣ ሁለት ጊዜ ማረፍ የጀመርሁ እኔ ጸሓፊው እንደ ታዘብሁት፣ ድካምን የሚያስወግድ ብልሃት በተገኘ ቁጥር ከድካሙ ጋር አብሮ ተጠርጎ የሚሄደው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም። ስለዚህ፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ የምነግርህን ከሊቅ አፍ እንደ ወጣ ፍርድ አትቁጠረው፤ የደከመው ሰው ወሬ ነው፤ አረፍ ብለህ ስማኝ።

ደብረ ዕረፍት የሚሉት ገዳም ከደጋው ጠርዝ በታች፣ ከቆላው አፋፍ በላይ፣ ክረምት ከበጋ በማይነጥፍ ምንጭ አጠገብ የተተከለ የአንድነት ገዳም ነው፤ መነኮሳቱ ከምንጩ በላይ፣ መነኮሳይያቱ ከምንጩ በታች በየጎጇቸው ሆነው፣ ገብሱን ዘርተው፣ ጎመኑን ኮትኩተው፣ ልብሳቸውን ፈትለውና ሸምነው ይኖራሉ፤ ከጨው በቀር ከገበያ የሚገባላቸው የሚበላ ነገር የለም። ሥርዐታቸውም ጥንታዊና ጥብቅ ነው፤ ከበሽተኛ በቀር ማንም የገዛ ክንዱ ያልደከመበትን እህል አይቀምስም። እማሆይ አመተ ጽዮን በዚህ ሥርዐት ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአንዲት ወፍጮ ፊት ተንበርክከው የማኅበሩን ገብስ ሲፈጩ የኖሩ፣ ቃላቸው ጥቂት፣ ትዕግሥታቸው ብዙ የሆነ አረጋዊት ነበሩ፤ ድንጋዩ በእጃቸው ምልልስ ብዛት እንደ ገበታ ጎድጉዶ ነበር፤ እሳቸውም ከወፍጮው በተነሡ ጊዜ ወገባቸው ወዲያው አብሯቸው አይነሣም ነበር።

አባ ኅሩይ ደግሞ በዓለም ሳሉ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የእህል ወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው፣ ሳንባቸው በናፍጣ ጭስና በዱቄት ብናኝ ተጎድቶ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በሰው ትከሻ ተደግፈው ወደ ገዳሙ የገቡ ናቸው፤ ያን ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ የእሳቸውን ድርሻ በራሳቸው ድርሻ ላይ ጨምረው የፈጩላቸው እኚህ እማሆይ ነበሩ፤ አባም ይህን ከልባቸው አላወጡትም። በዳኑ ጊዜ እጃቸው አላርፍ አለ፤ የላሞቹን እበት በደፈኑት ጉድጓድ ውስጥ አብላልተው፣ ትንፋሹን በቱቦ ወደ ማብሰያው ቤት ሰድደው ጭስ አልባ እሳት አነደዱ፤ የገዳሙም ጥድ ከመጥረቢያ ዳነ። ከዚያ በኋላ ከአሮጌ ጭነት መኪና አክሰልና ኩሽኔታ፣ ከወይራ ሳንቃና ለሁለት ከተሰነጠቀ ጀሪካን፣ በምንጩ ጉልበት የሚዞርና ገብስ የሚፈጭ መንኮራኩር ለመሥራት ተነሡ፤ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ስለ ማን እንደሚደክሙ ሲጠየቁም «ስለ ማኅበሩ» ይሉ ነበር እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እማሆይ ወገብ ነበር።

ሥራው ሊፈጸም ሲል አበ ምኔቱ አባ ዘድንግል አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ውሃ ሰንበትን አያውቅም፤ መንኮራኩሩ ግን የገዳሙ ነውና፣ እኛ ባረፍንበት ቀን ሲዞር ቢገኝ ማን ይጠየቅበታል? ማኅበሩ ሦስት ቀን ከመከረ በኋላ መንኮራኩሩም እንደ አንድ መነኩሴ ተቈጥሮ በሁለቱ ሰንበታትና በበዓላት ሁሉ እንዲያርፍ ወሰነ፤ ስለዚህ አባ በቦዩ አፍ ላይ በማለዳ የሚነሣ፣ በሠርክ የሚወርድ፣ በሰንበት ጨርሶ የማይነካ ከባድ የወይራ በር አቆሙ። ለበሩም መሠረት የሚሆን የተጠረበ ድንጋይ ቢያጡ፣ ከእንግዲህ ምን ይሠራሉ ብለው፣ የመነኮሳይያቱን ወፍጮዎች ሁሉ ሰብስበው፣ የእማሆይንም ጎድጓዳ ወፍጮ ጨምረው፣ በጭቃና በኖራ ገነቡባቸው። ያደረጉት በደስታ ነበር፤ ማንንም አልጠየቁም፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠራ ደግሞ ሁልጊዜ ደግ ሰው ነው።

በጥቅምት፣ በአንድ ሰኞ ማለዳ፣ በሩ ተነሣ፤ መንኮራኩሩም እያቃሰተ ዞረ፤ ስድስት እናቶች ቀኑን ሙሉ የሚፈጩትን ገብስ ፀሐይ ሳትበረታ ፈጭቶ ጨረሰ። ወጣቶቹ መነኮሳይያት ወደ አትክልቱና ወደ ፈትሉ ተመደቡ፤ እማሆይ ግን ዐይናቸው ለፈትል፣ ጉልበታቸው ለመኮትኮት እንቢ ብሏልና፣ «እሳቸው ይረፉ» ተባለ። በዚያ ቀን ከማዕድ አልመጡም፤ በማግሥቱም አልመጡም። በጎጇቸው ደጅ ቀድሞ በገዛ እጃቸው ከዘሩት ሽንብራ የተረፈችውን ጥቂት ጥሬ በውሃ እየዘፈዘፉ ይቀምሱ ነበር፤ ማኅበሩ ከሚጋግረው የገብስ ዳቦ፣ ከዳቤው ግን አንዲት ቍራሽ አልነኩም፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ እንዲህ ሆኖ ፊታቸው ጠቈረ፣ ጥሬውም ወደ ማለቁ ተቃረበ። አባ ዘድንግል ቢጠየቁ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ «ሥርዐቱን እኔ አልሠራሁትም፤ የመሻር ሥልጣንም የለኝ። ደክሞኛል፤ እናንተው መላ ፈልጉ» አሉ።

አባ ኅሩይም ሄደው ከጎጆው ደጅ ቆሙ፤ ተቈጥተው ነበር፤ ሦስት ዓመት የለፋ ሰው ቢቈጣ አይፈረድበትም።

«እማሆይ፣ እኔ በእርስዎ ድካም አርባ ቀን በላሁ፤ እርስዎ በእኔ ድካም የማይበሉት ስለ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ያን ጊዜ ታመው ነበር፤ ለታመመ ሥርዐቱ ይፈቅድለታል» አሉ እማሆይ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «እኔ አልታመምሁም፤ አረጀሁ እንጂ። ለአረጀ ምንም አልተጻፈለትም።»

«ውሃው ፈጨልዎ፤ ውሃውስ የእግዚአብሔር አይደለም?»

«ነው፤ አባቴ፤ ውሃው ሥራውን ሠርቷል፤ ዋጋውንም ይብላ። እኔ ዛሬ ምን ሠራሁ? እስኪ ይንገሩኝና ልብላ። ወፍጮዬን እንኳ እንዳልፈጭበት ከቦዩ ሥር ቀብረውታል።»

የአባ ቍጣ ወደ ኀዘን ተመለሰ፤ መርዶ እንደ ሰማ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቦዩ ወረዱ። በበሩ አጠገብ የመጨረሻው ብልሃታቸው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከበሩ ጋር የታሰረው መጫኛ፣ ያ የጠፍር ገመድ፣ ከበላዩ በተጋደመ ግንድ ላይ አልፎ፣ በሌላው ጫፍ ሰባት ድንጋይ የያዘ ጆንያ ሲንጠለጠልበት፣ ያ ከባድ በር በሁለት ጣት ይነሣ ዘንድ ያሰቡት ነው። አሁን ግን ጆንያውን ፈቱት፤ ድንጋዮቹንም እየመዘኑ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምረው፣ የእማሆይን ጉልበት በገዛ ገላቸው ይለኩ ዘንድ፣ ሦስት ቀን ከጥቂት ጥሬ ሽንብራ በቀር ምንም ሳይቀምሱ፣ ቀኝ እጃቸውን በመታጠቂያቸው አስረው፣ በደካማው በግራ ክንዳቸው በሩን እያነሡና እያወረዱ፣ አንድ ድንጋይ እየጨመሩና እየቀነሱ ሞከሩት፤ ያዩአቸው ወንድሞች አእምሯቸው የተነካ መስሏቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሦስት ድንጋይ በጆንያው አስቀርተው አራቱን ወደ ሣሩ ወረወሩ፤ እንዲህ ሲሆን በሩ ይነሣል፤ ግን ላብ ያስወጣል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባዱን ሲያቀሉ የኖሩ ሰው፣ አንድን ነገር በልኩ ከባድ አድርጎ መተው ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ያን ቀን ተማሩ።

ሰኞ ማለዳ እማሆይን በበትራቸው እየተደገፉ እንዲመጡ ለመኗቸው፤ «የበሩ ጠባቂ ያስፈልገኛል፤ እኔ ሳንባዬ አልቻለም» አሏቸው፤ ከሦስት ቀን ጥሬ በኋላ ይህ ውሸት አልነበረም። እማሆይ መጫኛውን ያዙ፤ በመጀመሪያ ሳቡ፣ በሩ ከስንዝር አላለፈም፤ ተነፈሱ፤ እንደ ገና በሙሉ ገላቸው ሳቡት፤ ውሃው ገባ፤ መንኮራኩሩ ዞረ። ላብ በግንባራቸው ወርዶ፣ ከበሩ መሠረት ወጣ ባለች በአንዲት ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በመዳፋቸው ዳብሰው የራሳቸው ወፍጮ መሆኗን ዐወቁ፤ ጥቂትም አለቀሱ። ቀጥለውም ወደ ሣሩ ተመለከቱ።

«አባ፣ እነዚያ አራት ድንጋዮች የምን ናቸው?»

«የተረፉ ናቸው፣ እማሆይ።»

እማሆይ በድንጋዮቹ ላይ የጆንያውን ክር አዩ፤ መጫኛውንም አዩ። «እንግዲያስ ድንጋዮቹ ከዚያው ይቀመጡ» አሉ። «ደክሞኛል፤ እስኪ ከዳቤው ያምጡልኝ።» ከዚያው ከተቀመጡበት፣ ውሃው እየረጫቸው፣ ሁለት ቍራሽ በሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ የፋሲካ ሰሞን፣ የእማሆይ ክንድ እየዛለ ሲሄድ፣ አባ ማንም ሳያያቸው ከሣሩ አንዲት ድንጋይ እያነሡ ወደ ጆንያው ይጨምሩ ነበር፤ እማሆይም በማግሥቱ መጫኛውን ስበው «ዛሬም ከባድ ነው» ይሉ ነበር፤ አባም «አዎን፣ ከባድ ነው» ይሏቸው ነበር። በአራተኛው ዓመት ሣሩ ባዶ ሆነ፤ በሩም በሁለት ጣት የሚነሣ ሆነ፤ እማሆይም በሁለት እጃቸው ስበው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ድርሻቸውን በልተው፣ በዚያው ሳምንት አረፉ። ሸክማችንን ከትከሻችን የሚያወርድልን ብዙ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል፤ ነገር ግን ልንሸከም የምንችላትን ያህል መዝኖ የሚተውልን እርሱ እስከ መጨረሻይቱ ቀን ድረስ ከማዕድ ያስቀምጠናል።