ቀዩ ቀለም

ይሄይስ በደብረ ማርቆስ ከተማ ፎቶ አንሺ ነው። የግል ድረ ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር፤ ስሙ ቀይ፣ ስልኩ ቀይ፣ «ይደውሉልኝ» የሚለውም ቀይ። ሰው ግን ገብቶ ይወጣል እንጂ አይደውልም።

በልጅነቱ ብራና መጻፍ ያስተማሩት መሪጌታ ገብረ ኪዳን ታመው ተኝተው ነበርና፣ ሊጠይቃቸው በሄደ ጊዜ ገጹን በስልኩ አሳያቸው። ስድሳ ዓመት ብራና የጻፉ ሰው ናቸው፤ አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ሳታሰምር ጽፈሃል። ዳር አልተውክም። ቀይ ቀለም ደግሞ የቅዱሳን ስም መጻፊያ ነው፤ አንተ ከመቼ ወዲህ ጸደቅህ?»

ይሄይስ አፍሮ ተመለሰ። እንደ ተማሪነቱ ዘመን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አሰመረ፤ ዳሩን ሰፊ አድርጎ ተወ፤ ገጹ ላይ ከነበረው መቶ ፎቶ ሰባቱን ብቻ አስቀረ፤ ስሙን በጥቁር ጻፈ። ከግርጌ «መምህሬ መሪጌታ ገብረ ኪዳን» ብሎ ጨመረና ይህን ብቻ ቀይ አደረገው።

በሳምንቱ መልሶ አሳያቸው። «አሁን ብራና መሰለ» አሉ። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸው ቆመ።

«ይህን አጥቁረው። እኔ ገና ምሕረት ለማኝ ነኝ።»

ይሄይስም እዚያው እፊታቸው ስሙን አጠቆረው።

መሪጌታ በፍልሰታ ጾም አረፉ። ከቀብር መልስ ይሄይስ ገጹን ከፈተ። አሁን ማን ይከለክለዋል? ስማቸውን ቀይ አደረገው፤ ጥቂት አየውና መልሶ አጠቆረው። ከሥሩም እሳቸው በየመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ራሳቸው ይጽፉት የነበረውን መስመር ጨመረ፦ «ያነበባችሁ ሁሉ፣ ማረው በሉ።»

በማግስቱ አንድ ሰው ከደምበጫ ደወለ። ስለ ሠርግ ፎቶ ከመጠየቁ በፊት፣ «መምህርህን ነፍሳቸውን ይማር» አለ።