የአውራ ጣት ቀለም

"አሻራ ነው ፊርማ?"

ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። የአስር አለቃው እናት ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶና የቀለም ሳጥን አየች። በዚህ የወታደሮች የሕይወት መድን ቢሮ ሰው የሚጠራው በሟቹ ማዕረግ ነው፤ የራሷን ስም የሚያነሳው የለም። ምራቷ ቀድማ ፈርማለች፤ የእናት ካልታከለበት ግን ገንዘቡ አይወጣም።

ምራቷ ሕፃኑን እንዳዘለች በክርኗ ጎሰመቻት። "ፊርማ ይበሉ እንጂ፣ እማማ! ማታ ማታ ሲማሩ የከረሙት ለመቼ ነው? ጣትዎን ቀለም ሳይነካው እንወጣለን።"

ውጭ በረንዳው ላይ አንፈርምም ያሉ ሚስቶችና እናቶች ተቀምጠዋል። የመድኑ ገንዘብ የተወሰነው ሟቾቹ ሲቀጠሩ ነው። ያኔ ቤት ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ኑሮው ጣራ ነክቶ የዓመት ኪራይ እንኳ በወጉ አይሸፍንም። በሻምበሉ ሚስት መሪነት "በዛሬ ገበያ ይስተካከልልን" ብለው ተማምለዋል። የፈረመ ከእንግዲህ መጠየቅ አይችልም፤ ፈራሚው በበዛ ቁጥር የቀሩት ጉልበት ይከዳቸዋል። ስለዚህ የሚወጣውን ሁሉ አውራ ጣት ያያሉ። አብዛኞቹ ፊደል ስላልቆጠሩ ወይን ጠጁ ቀለም ያሳብቅባቸዋል።

እሷም አብራቸው ምላለች። ዛሬ ጠዋት ግን አከራዩ ፍራሻቸውን ከሕፃኑ ልብስ ጋር ግቢው ውስጥ አውጥቶ ጣለው።

"እማማ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አለ ጸሐፊው።

"ይኼ ገንዘብ ዛሬ ምን ይገዛል፣ ልጄ?"

"ገበያውን እኔ አልሰቀልኩት። ውል ውል ነው።"

"ያንተስ ደመወዝ ያኔ በነበረው ነው?"

ከኋላ ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። ጸሐፊው ፊቱን አጠቆረ። "ለክርክር ከሆነ በረንዳው ሰፊ ነው!"

ምራቷ ጥርሷን ነክሳ ጆሮዋ ስር ገባች። "የልጅዎን ልጅ ዛሬ የት ላሳድርልዎ? የሻምበሉ ሚስት ታስጠጋኛለች? የራሷ ቤት ላላት መማማል ምን ገዷት!"

ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ላይ አንገቱን አስግጎ አያት። ጆሮው ቁርጥ የአባቱ ነው።

እስክሪብቶውን አነሳች። ስሟን መጻፍ የተማረችው ለመደበቂያ አልነበረም። መልሳ አስቀመጠችው።

"አሻራ" አለችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ተጫነችው።

"ጉድ ነው! ለመሰደብ ነው?" አለች ምራቷ፤ የክፍያ ወረቀቱን ግን ከጸሐፊው እጅ ላፍ አደረገችው።

በረንዳው ላይ የሻምበሉ ሚስት መንገዱን ዘጋች። "እስቲ ጣትሽን!"

እጇን ዘረጋች። አንዷ እግሯ ስር እንትፍ አለች።

"ምለሽ አልነበር?"

"ምያለሁ።"

"ልጅሽን በርካሽ ሸጥሽው! ጥፊ ከፊታችን!"

"የልጄ ልጅ ሜዳ ላይ አያድርም። የኔ ጥያቄ አለቀ፤ የናንተ ግን አላለቀም።"

"እና?"

"እናማ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ፤ ጠጋ በሉልኝ።"

ማንም አልተጠጋላትም። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች፤ ጣቷን በነጠላዋ አልሸፈነችም።

"እማማ፣ ባንክ ሳይዘጋ!" ጮኸች ምራቷ ከውጭ በር።

"ሂጂ አንቺ። ልጁን አደራ።"

ምራቷ ሕፃኑን አዝላ ሄደች። እሷ ከሴቶቹ ጋር ቀረች።