ባዶ የቀሩት ዓርቦች

«መረብ ኳስ ይወድ ነበር ብለሽ እንዳታስጽፊ!» አለች አርሊስ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ዞር ሳትል።

ዶሎረስ የስልኩን እጀታ በመዳፏ ከደነችው። ከወዲያ በኩል የከተማው ጋዜጣ ጸሐፊ የወንድሟን የሞት ማስታወቂያ ሊጽፍ ይጠብቃል።

«ታዲያ ምን ልበል? በየጊዜው አንዲት ተጫዋች ከፍሎ ሲያስተምር አልኖረም? ማሳውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጠው ለምን መሰለሽ?»

«አስተማረ በይ። ወደደ አትበይ። የሚወድ ሰው ሄዶ ያያል።»

ዶሎረስ ነገር ሆዷ የማያድር ሴት ናት። ቢሆንም ከባለሀዘን ጋር መጨቃጨቅ ነውር ነውና «የመረብ ኳስ ደጋፊ ነበር» ብላ አሳጥራ ስልኩን ዘጋችው።

የአርሊስ ባል ሊላንድ ኩቼራ የሞተው በዋዜማው ነው። የመጨረሻውን በቆሎ ጎተራ አስገብቶ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ልቡ ቆመ። ወሬው በዚያ የነብራስካ ገጠር ለመዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ጎረቤቱ ሁሉ የአሳማ ሥጋውን፣ አይብ የተነሰነሰበትን የድንች ጥብስ፣ ፕለም የተሞላውን፣ ኮላች የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ተሸክሞ መጣ። ፍሪጁ ስለሞላ የተረፈው በረንዳ ላይ ተደረደረ፤ ኅዳር ነውና ውጭውም ፍሪጅ ነው።

አርሊስ አላለቀሰችም። እንግዳው ሁሉ «ጠንካራ ሴት» እያለ ያደንቃታል፤ እሷ ግን የጠነከረችው በቁጣ ነበር። ከመቀበሩ በፊት አንድ ነገር ልትጠይቀው ትፈልጋለች፤ የሚመልስላት የለም። ለምን ዓርባችንን ተውከው?

ዓርብ የሁለቱ ነበር። ሊላንድ ግራሶ የጠገበ እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከተማ ይነዳል፤ የሴቶቹን መረብ ኳስ ሊያዩ ጂም ገብተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ ከዝናብና ከከብት ውጪ ወሬ የሌለው ሰው እዚያ ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። ዳኛዋን «እመቤት፣ መነጽርሽን እቤት ረስተሽዋል!» እያለ ይጮህባታል። ከጎኑ ያለውን የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። አርሊስ ጨዋታውን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው።

ልጅ አልወለዱም። አንድ ጠዋት እንቁላሉን እየበላ፣ «ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ ለልጆቹ ብንሰጠውስ?» አላት።

«ለየትኞቹ ልጆች?»

«ኳስ ለሚጫወቱት።»

አሠራሩንም በሹካው ጠረጴዛ ላይ እየሣለ አስረዳት። መሬቱ የዩኒቨርሲቲው ይሆናል፤ አይሸጥም። የሚያርሰው ሰው ኪራይ ይከፍላል። በኪራዩ አንዲት ልጅ ተጫውታ ትማራለች፤ እሷ ስትመረቅ ሌላዋ ትተካለች።

«ላሟ አትታረድም፤ ወተቷ ብቻ ይጠጣል» አላት። «እኔና አንቺ አፈር ከገባንም በኋላ ትታለባለች።»

ዕድሉ የሚሰጠው ከሁሉ ለምታጥረው፣ ከኋላ ሆና ወለል ላይ እየተወረወረች ኳስ ለምታነሳው ልጅ እንዲሆን ጠየቀ። «ረጃጅሞቹን ማንም ያያቸዋል» አለ፤ ራሱም ከአርሊስ ያጥር ነበር። አርሊስ እየሳቀች ፈረመች። ከዚያ ወዲያ ሊላንድ የገዛ ማሳውን ከዩኒቨርሲቲው ተከራይቶ ማረስ ጀመረ።

የመጀመሪያዋ ልጅ ልትመረቅ ስትቃረብ፣ በአንድ የበረዶ ወራት፣ ሊላንድ ቀረ።

«ጉልበቴ የጂሙን ደረጃ አልቻለውም» አለ። ጎተራ ጫፍ ድረስ በመሰላል የሚወጣ ጉልበት! አርሊስ አንዴ ብቻዋን ሄደች፤ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር ስታይ አመሸችና ተመለሰች። ከእኔ ጋር መቀመጥ ሰልችቶታል ማለት ነው ብላ ደመደመች። አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት። ዓርብ ሲመጣ እሱ ሬዲዮኑን ይዞ ወደ ትራክተሩ መጋዘን ይወጣል፣ እሷ ልብስ ትተኩሳለች። ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ሆኖም ያረጃል።

በማግስቱ ከሰዓት ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ የዩኒቨርሲቲው ሚኒባስ ግቢው ውስጥ ቆመ። ከምክትል አሠልጣኟ ጋር አንዲት አጭር፣ ጠይም ልጅ ወረደች። በማሳው ኪራይ የምትማረው የዘንድሮዋ ልጅ፣ ማይራ ፉዌንተስ ነበረች። ከቴክሳስ ጠረፍ፣ በረዶ ከማይታወቅበት አገር ነው የመጣችው። የለበሰችው የቡድኑን ስስ ጃኬት ነው።

«በሀዘንዎ በጣም አዝኛለሁ፣ ወይዘሮ ኩቼራ» አለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «አግኝቻቸው አላውቅም። አንድ ቀን ይመጣሉ እያልኩ ሁልጊዜ ወደ ወንበሮቹ አይ ነበር።»

 ዶሎረስ ወዲያው ሰሐን ሞልታ መጣች።

«ብዪ እንጂ! በዚህ ክሳትሽ ነው ኳስ የምታነሺው? ነፋሱ ራሱ ያነሳሻል።»

ልጅቷ ሰሐኑን አልተቀበለችም፤ ዓይኗ አሠልጣኟን ፈለገ። «ይፈቀዳል?»

«ምኑ ነው የሚፈቀደው? ድንች እኮ ነው!»

«ምግቡ ይፈቀዳል» አለች ቡና ስትቀዳ የቆየች አንዲት አጭር ሴት። የማሳው የመጀመሪያ ልጅ፣ ጆሊን ናት። ዛሬ የክፍለ ግዛቱን ድልድዮች ትመረምራለች፤ ሞቱን ሰምታ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። «በሰጪው ቤት፣ አልፎ አልፎ ከሆነ ሕጉ ምግብ አይከለክልም። ብዪ፣ እህቴ።»

ማይራ እየበላች ስትንቀጠቀጥ አርሊስ አየቻት። ወደ መግቢያው ሄደች። የሊላንድ ካፖርት ከነሽታው መስቀያው ላይ ነበር። አውርዳ መጥታ የልጅቷ ትከሻ ላይ ልትጥለው ስትል ጆሊን የቡናውን ጀበና ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ እጇን ያዘቻት።

«አይሆንም! ወይዘሮ ኩቼራ፣ እባክዎ፣ አይሆንም!»



«ካፖርት ነው» አለች አርሊስ።

«አውቃለሁ። ለትምህርት ቤቱ ሀብት የሰጠ ሰው፣ ሚስቱም ብትሆን፣ ለተጫዋች ዕቃ መስጠት አይችልም። ከተቀበለች ከጨዋታ ትታገዳለች። ቅዳሜ ደግሞ የዋንጫው ግጥሚያ ነው።»

«ትምህርቷን ሙሉ ስንከፍል አይከለከልም፣ ካፖርት ይከለከላል? ይሄን ያወጣው ሰው ብርድ መቶት ያውቃል?»

ጆሊን ካፖርቱን ከአርሊስ እጅ ተቀብላ አጣጠፈችው።

«እሳቸው አልነገሩዎትም ማለት ነው» አለች።

አርሊስ ትዝ አላት። አንድ የበረዶ ምሽት ሊላንድ በሸሚዝ ብቻ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ገባ። ካፖርቱን እህል ማስረከቢያው ጋ ረሳሁት አለ። በማግስቱም አልሄደም፣ ሌላ ገዛ፤ እሷም አባካኝ ብላ ሰደበችው።

«የበረዶ ዝናብ ይዘንብ ነበር» አለች ጆሊን። «አውቶቡሱ ስለቀረ በእግሬ ነበርኩ። መኪናቸውን አቆሙና ወረዱ። ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱኝና ሄዱ። በማግስቱ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ጠየቁ። ሌላ ሰው ከጠቆመ ዓመቱን ሙሉ ትታገዳለች፣ ሰጪው ራሱ ከተናገረ ግን አንድ ግጥሚያ ነው አላቸው። ዩኒቨርሲቲው ጋ ደውለው ራሳቸውን ከሰሱ።»

«ሊላንድ?» አለች ዶሎረስ። «የኔ ወንድም ስልክ ደወለ?»



«የታገድኩት ከመጨረሻው ግጥሚያ ነበር፤ ተሸነፍን። ካፖርቱም ለድሆች ተሰጠ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እንደሳቸው የጠላሁት ሰው አልነበረም። እሳቸውን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሦስት ዓመት ጂም እንዳይደርሱ ከለከላቸው።»

«ሦስት ዓመት?» አለች አርሊስ። «ከዚያ በኋላስ? ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው!»

ጆሊን አጠገቧ ተቀመጠች።

«እገዳው ሲያልቅ እኔም ልቤ በርዶ ነበር፤ ላበሥራቸው ማሳው ድረስ መጣሁ። አጨዳ ላይ ነበሩ፤ የማጨጃው ሬዲዮ ጨዋታውን ያስተላልፋል። ‹እንግዲህ መምጣት ይችላሉ› አልኳቸው። ‹አልመጣም› አሉኝ። ‹ካየሁ አያስችለኝም። የምትበርድ ልጅ አይቼ ዝም የሚል ልብ የለኝም፤ እንደገና እሰጣለሁ፣ እንደገና ሌላ ልጅ ትቀጣለች። እኔ ከጂሙ ብቀር ይሻላል፣ እነሱ ይጫወቱ› አሉኝ።»

«ለእኔስ? ለእኔ ምን አለ?»

«‹ለአርሊስ እንዳትነግሪያት› አሉኝ። ‹እሷ ከኔ የባሰች ናት። እኔ ካፖርት ሰጠሁ፣ አርሊስ ብታውቅ ቤቱን ነቅላ ነው የምትወስድላቸው።›»

አርሊስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ እንደሰለቸችው እያሰበች የተኮሰችው ልብስ፣ መጋዘን ውስጥ በትራክተር ጎማ ላይ ተቀምጦ የማያያቸውን ልጆች ስም በሬዲዮ የሚያዳምጠው ሰውዬ፣ ሁሉም በአንዴ መጡባት። የራሱ ባልሆነ ማሳ ላይ፣ ለማያያት ልጅ፣ እስከ ትናንት ወዲያ በቆሎ ሲያጭድ ነበር! እንዲህ ያለ ሰው አጠገቧ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ የምታውቀው መስሏት ነበር።

«ሞኝ!» አለች። «ሞኝ ሽማግሌ! ሊነግረኝ ይገባ ነበር።» ከዚያም ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ዶሎረስም ሰሐኗን አስቀምጣ አብራት አለቀሰች።

የቀብሩ ቀን የሰሜን ነፋስ በታጨደው የበቆሎ ማሳ ላይ እየገሰገሰ መቃብሩን ይገርፈው ነበር። የሰበካው ቄስ የጸሎት መጽሐፉን ገጾች በሁለት እጁ ይዞ ይጸልያል። አርሊስና ዶሎረስ በሸራው ድንኳን ሥር በተዘረጉት ወንበሮች ተቀምጠዋል። ከሰዉ ኋላ ደግሞ አጫጭር ሴቶች ቆመዋል። አንዷ ሕፃን ታቅፋለች፣ አንዷ የነርስ ጫማ አድርጋለች፣ አንዷ ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል። እርስ በርሳቸው ተዋውቀው አያውቁም ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «አንቺም የማሳው ነሽ?» እየተባባሉ ነው የተሰበሰቡት።

አርሊስ ዞር ብላ አየቻቸው። ዶሎረስ በሹክሹክታ፣ «እዪ፣ ሁሉም ከሊላንድ ያጥራሉ። የት ነበር እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚያገኘው?» አለቻት። አርሊስ ገና ያልተወለዱትን ልጆች እያሰበች ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ፣ ዶሎረስም ከሞተች በኋላ፣ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ በቆሎው ይበቅላል፣ አንዲት አጭር ልጅ ወለል ላይ ትወረወራለች። እዚህ ያሉት ሴቶች የሰልፉ መነሻ ላይ ናቸው። እሱ ይሄን በሹካ ጠረጴዛ ላይ ሥሎ ሲነግራት እሷ ትስቅ ነበር።

ማይራ ከሁሉም ዳር፣ ነፋሱ የሚመጣበት በኩል ቆማለች። ያው ስስ ጃኬቷን ለብሳለች። እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀርቅራ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ስትንቀጠቀጥ እንዳትታይ ትታገላለች። አርሊስ ሊላንድ የሸሸው ምን እንደሆነ አሁን በዓይኗ አየችው።  የምትሰጣት ምንም ነገር የለም።

ከወንበሯ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች ዶሎረስ። «አርሊስ! ገና አላለቀም እኮ፣ ሊያወርዱት ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሣሩን እየረገጠች በሰዉ መካከል አለፈች። ቄሱ ቀና ብሎ አይቷት ጸሎቱን ቀጠለ። ማይራ ወይዘሮዋ ወደ እሷ እየመጣች መሆኑን ስታይ ደንግጣ ወደ ኋላ ልትል ነበር።

«ቁሚ» አለቻት አርሊስ። «የምሰጥሽ ነገር የለኝም። መቆም ግን የከለከለ የለም።»

በልጅቷ በስተሰሜን በኩል ዞራ ቆመች። ረጅም ሴት ናት፣ ትከሻዋም ሰፊ ነው። ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጠች፣ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ተከለች፣ ሣጥኑ ቀስ እያለ ሲወርድም ከዚያ አልተነቃነቀችም።