ማሻአላህ፣ ወፍረሻል

«ማሻአላህ ዘይባ፣ አንቺስ ወፍረሻል» አለቻት ከቆሼ ከተማ ለለቅሶ የመጣችው አክስቷ፣ እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ።

ዘይባ ደነገጠች። የቀሚሷን ጫፍ ወደ ታች ስባ እግሮቿን ሸፈነች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ታላቅ እህቷ ሳሌሃ በምጥ ሞታ አፈሩ እንኳ አልደረቀም፤ ሰው ሁሉ ሳሌሃንም ሲላት የከረመው ይህንኑ ነበር። ፊትሽ ሞላ፣ አማረብሽ፣ ባልሽ ቅቤውን እያጠጣሽ ነው አይደል። ሰው እኮ አያፍርም፤ እብጠትን ውበት ነው ብሎ ያደንቃል!

ከእንሰት በተሠራው የጅባ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ያንሾካሹካሉ። አንዷ ጅኒ ነው የጣላት ትላለች፣ ሌላዋ ቀኗ ደርሶ ነው ትላለች። እናቷ ከድጄ ግን ከቀብሩ ወዲህ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ሲሏት አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች።

ዘይባ የምታውቀው ሌላ ነው። ሳሌሃ የፀነሰች ሰሞን ሁለቱ እህትማማቾች ቡታጅራ ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። አዋላጇ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር አስቀምጣ የሳሌሃን ክንድ በጨርቅ ጠቅልላ የደም ግፊቷን ለካች። በየወሩ ነይ፣ ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትቀሪ አለቻት። እግርሽ ካበጠ፣ ራስሽን ካመመሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ደግሞ ወሩን አትጠብቂ።

«የዛሬውን ከሚመጣው ወር ጋር ካላስተያየሁት ምኑን አውቄው?» ብላ ሳቀች አዋላጇ። «ስትመላለሺ ነው የምትታወቂኝ።»

ሳሌሃ መመለስ ፈልጋ ነበር። ወሩ ሲደርስ እናቷን አስፈቀደች። ከድጄ ክፉ ሆና አይደለም፤ እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ ደርሶ ሴቱ ሁሉ ተጠራርቷል፤ ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል፣ ሥራው ይለቅና ትሄጃለሽ አለቻት። በሚቀጥለው ወር ዝናቡ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ሳሌሃ ራሷም መጠየቁን ተወች። ጣቶቿ አብጠው ቀለበቷ አልወጣ ሲል እንኳ ተሳሳቁበት። ምጡ የመጣ ዕለት ግን ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሷ ገጠመ። ዱዓ ሲደረግላት፣ ቃሬዛ ሲፈለግ ጊዜው ሄደና ከነልጇ መንገድ ላይ ቀረች።

አሁን ደግሞ ዘይባን ከትናንት ጀምሮ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗም ብዥ ይልባታል። ቀሚሷ ሥር እጇን ሰድዳ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጎድጉዶ ቀረ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። ልትናገር ትፈልጋለች፤ ግን ምን ብላ? እግሬ አብጧል ማለት እናቷን «ሳሌሃን ያስቀረሻት አንቺ ነሽ» ማለት ነው። ያቺ ምስኪን ይህን ሰምታ ትተርፋለች? ዝም ካለች ደግሞ ነገ በዚሁ ጅባ ላይ የሚለቀሰው ለእሷ ነው። ልጁ ሆዷ ውስጥ ተገላበጠ። መሞት ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«እማ» አለች። «እኔም አብጫለሁ። ዓይኔም ብዥ ይላል።»

ከድጄ ወደ ልጇ ዞራ ቀሚሷን ገለጥ አደረገችና እግሮቿን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ብድግ አለች። አክስትየዋ የልብሷን ጫፍ ይዛ፣ ለቅሶው ሳያልቅ፣ ሰው እየመጣ የት ልትሄጂ ነው አለቻት።

«ለሳሌሃም ሥራው ሳያልቅ አትሄጂም ብያት ነበር» አለች ከድጄ።

ደጃፉ ላይ የዘይባ ጫማ እግሯን አላስገባ አላት። ከድጄ ከተከመረው ጫማ መሃል የራሷን በረባሶ መዝዛ አወጣች። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ተንበረከከች፣ ማሰሪያውን አላላች፣ ያበጠውን እግር ጭኗ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ አጠለቀችላት። ሌላኛውንም እንዲሁ። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ በባዶ እግሯ ወደ ቡታጅራው መንገድ ወጣች።