አረንጓዴው ክፍል

ጠልሐ ስህተቱን ያወቀው አሮጌውን ፕሮግራም አጥፍቶ አዲሱን ከጫነ በኋላ ነው። በሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ተደርድረው የነበሩት ባለቀለም ክፍሎች ጠፍተው፣ ተመልሰው መጡ፤ ግን ባዶ ነበሩ። እያንዳንዳቸው እንደ እንግዳ የስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል ጠየቁት።

«ያ ረቢ» አለ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው አልነበረም።

ክፍሎቹ የራሱ ሥራ ናቸው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ፣ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ወደ መካነ ሰላም ተመልሶ ይህችን የኢንተርኔት ቤት ከፈተ። አብዛኞቹ ደንበኞቹ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው፤ ገብተው ፌስቡክ ያያሉ፣ ገጻቸውን ሳይዘጉ ይሄዳሉ። አንድ ቀን የከብት ነጋዴው አሕመድኑር የበሬውን ፎቶ በመምህር ንጉሡ ገጽ ላይ ለሽያጭ ለጥፎ ሄደ፤ መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ የበሬ ዋጋ ሲጠየቁ ሰነበቱ። ጠልሐ ያኔ ነው ብራውዘሩ ላይ የሚገጠም ትንሽ ፕሮግራም፣ ኤክስቴንሽን የሚሉትን የሠራው። አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ክፍል እንደማለት ነው። የአንዱ ገጽ ከሌላው አይደባለቅም፤ ደንበኛው ቀለሙን ሲነካ የራሱ ይከፈትለታል፤ የይለፍ ቃል አስታውስ ብሎ ነገር የለም። ስለ ሥራው የሚያወራው ሰው ባያገኝም ጠልሐ በልቡ ኮርቶበት ነበር።

አረንጓዴው ክፍል የእመት ኑርጃን ነው። ገጹን እዚሁ ቤት የከፈተችላቸው ልጃቸው መርዋ ናት፣ ወደ ሪያድ ከመሄዷ በፊት፣ በገዛ ስልክ ቁጥሯ። የይለፍ ቃሉንም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እመት ኑርጃን የቁርኣን ሱራ በቃላቸው ይቀራሉ እንጂ ፊደል አልቆጠሩም። መንደራቸው በከላላ መንገድ፣ ገደል ሥር ስለሆነ ስልክ አይሠራም። የመርዋ የመጨረሻ መልእክት የመጣው ከረመዳን በፊት ሲሆን ያነበበላቸው ጠልሐ ነበር። «እማ፣ ከሰዎቹ ቤት ወጥቻለሁ። ስልኬን ወስደውብኛል፣ ይህን የምጽፍልሽ በሰው ስልክ፣ በሰው ገጽ ነው። ሲመቸኝ እዚሁ እጽፍልሻለሁ፣ እዚሁ ጠብቂኝ።»

ይኸው ሐምሌ ገባ። ሬዲዮው ሳዑዲ ያለ ወረቀት ያሉትን ልታስወጣ ቀን ቆርጣለች ይላል። እናትየው በየገበያው ቀን ጭቃውን እየረገጡ መጥተው እዚሁ ይጠብቃሉ።

ባለፈው ገበያ እመት ኑርጃን ሰማያዊውን ነክተው የሌላ ሰው ገጽ ከፈቱ። «ዓይኔ ደከመ መሰለኝ፣ ቀለሙ ተምታታብኝ» ብለው አፈሩ። ጠልሐም በቀለሙ ፈንታ የደንበኛውን ፎቶ ላድርግ ብሎ ተነሣ። ሐሳቡ ደግ ነበር። አሮጌው ፕሮግራም ሲጠፋ በክፍሎቹ ያለውን ሁሉ ይዞ እንደሚጠፋ ግን አላጣራም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጠልሐ የሚለቅመውም አልተረፈለትም።

የሌሎቹ ግድ የለም፤ ስልካቸው ላይ ኮድ ተልኮ ይከፈታል። የእመት ኑርጃን ኮድ የሚላከው በመርዋ ቁጥር ነው። ደወለ፤ ቁጥሩ ከሞተ ቆይቷል። አዲስ ገጽ ከፍቶ በመርዋ በራሷ ገጽ ጻፈላት፤ ግን ያ ገጽ ያለው አሠሪዎቿ በወሰዱት ስልኳ ላይ ነው፣ እንደማታየው ያውቃል። መልእክቱን የላከችበትን ሰው ስም ደግሞ አልያዘውም። ቢያለቅስ ደስ ባለው፤ ግን ገበያተኛው መግባት ጀምሯል።

መጀመሪያ የመጡት መምህር ንጉሡ ናቸው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«የእመት ኑርጃንን ገጽ ዘጋሁት፣ መምህር። መክፈት አልቻልኩም።»

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልጅቷ ጽፋ ነበር?»

«እስከ ትናንት ማታ አልጻፈችም። ከዛሬ ወዲያ ብትጽፍ የሚያይላት የለም።»

«እንግዲያ አትንገራቸው። አልመጣም በላቸው። ስንት ጊዜ ብለሃቸው የለም? ተስፋቸውን አትቁረጥባቸው።»

«እስከ መቼ፣ መምህር?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

እመት ኑርጃን ረፋዱ ላይ ደረሱ። ጭቃ የያዘውን የላስቲክ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። መስጊድ አይደለም ቢባሉም አይሰሙም።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጄ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። አንቱ ደህና ሰነበቱ?»

«አልሐምዱሊላህ።» ሦስተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡና ወደ ስክሪኑ ቀረብ አሉ። «ይህችማ እኔ ነኝ።»

ጠልሐ ባለፈው በስልኩ ያነሳቸው ፎቶ ነው። እመት ኑርጃን ሳቁ። ከረመዳን ወዲህ በዚህ ቤት ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም።

«እንግዲህ አይምታታብኝም። አላህ ያክብርህ፣ ይህን ሁሉ ለኔ ብለህ።» ማውሱን ራሳቸው ይዘው ፎቷቸውን ነኩት። የስልክ ቁጥር የሚጠይቀው ነጭ ገጽ ተከፈተ። ማንበብ ስለማይችሉ ምንም አልመሰላቸውም።

«ጽፋለች?»

«አልመጣም» አለ ጠልሐ። ቃሉ እንደለመደው ከአፉ ወጣ።

«ኸይር ነው። እንግዲያ እኔ ልጻፍላት። መርዋ፣ እኔ ደህና ነኝ በላት። እህትሽ አርዋም ደህና ናት። ላሟ ወልዳለች። ነይ አልልሽም፣ ብቻ መኖርሽን አሳውቂኝ በላት።»

ጠልሐ ኪቦርዱን ሳበ። ገጹ ላይ ጽሑፍ የሚቀበለው የስልክ ቁጥር የሚሞላበት ጠባብ ሣጥን ብቻ ነበር። እዚያው ጻፈው። አርዋም ላሟም በአንዲት መስመር ላይ ወደ ግራ እየተንሸራተቱ ከዓይን ተሰወሩ። መምህር ንጉሡ ከማዶ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁለት፣ በርታ እንደማለት።

«ሄደ?» አሉ እመት ኑርጃን። ይህን ሳይጠይቁ ተነሥተው አያውቁም።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። በሚመጣው ገበያም አዎ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ባለውም፤ እሳቸውም ያንን ሁሉ ዳገት ለባዶ ሣጥን ሲሉ ይወጣሉ። መርዋ ደግሞ የሆነ ቦታ ሆና፣ ሕይወቷ ካለ፣ እናቴ ምነው ዝም አለችኝ ትላለች። ጠልሐ እጁን ከኪቦርዱ አነሣ።

«አልሄደም» አለ። «አይነሡ፣ እመት ኑርጃን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልንገርዎት።»

እመት ኑርጃን ዘወር ብለው አዩት። በፎቶው የሳቁት ሳቅ ገና ከፊታቸው አልጠፋም ነበር።