ለአባባ የተላከው እስክሪብቶ

ማህሌት ከሰመራ ወደ አዋሽ በሚሄደው አውቶቡስ መስኮት ሥር ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ያየ ሰው ወርቅ የያዘች ይመስለዋል። ውስጡ ያለው ግን ከጣት የማይወፍር የታብሌት እስክሪብቶ ነው። ሎግያን አልፈው፣ ሚሌን አልፈው፣ ገዋኔ ሲደርሱ እንኳ ቦርሳውን አላወረደችውም።

አባቷ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ መልካ ወረር ላይ ጥጥ ሲያበቅሉ፣ ሲመዝኑና ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው አዋሽ ቤት ከያዙ በኋላ የጉሮሮ ካንሰር ያዛቸው። ሐኪሞቹ ነፍሳቸውን አተረፉላቸው፣ ድምፃቸው ግን ቀረ። ዓይናቸውም ስለደከመ ወረቀት ላይ የጻፉትን መልሰው አያዩትም። ማህሌት ያኔ የምትመሰገን ልጅ ነበረች። ተማሪ ሳለች የምትጠቀምበትን አሮጌ ታብሌት አምጥታ፣ በጥቁር ገጽ ላይ ነጭና ትልልቅ ፊደል እንዲወጣላቸው አስተካክላ ሰጠቻቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው በራሱ በታብሌቱ እስክሪብቶ ሲጽፉ ፊደሉ እንደ ድሮው ያምርላቸዋል። የጻፉትን በቴሌግራም መላክም ተማሩ።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። በአፋቸው ዝምተኛ የነበሩት ሰው በእጃቸው ወሬኛ ሆነው አረፉት። ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ የጎረቤት ፍየል ምን እንደበላች፣ ባቡሩ ሲያልፍ እንዴት እንደጮኸ ሁሉ ይጽፋሉ። «ውኃ ጠጣሽ ወይ? የሰመራ ፀሐይ አይታመንም።» «ዛሬ ደግሞ ምነው ጠፋሽ?» ስብሰባ ላይ ስልኳ ይንጫጫል፣ ምሳ ላይ ይንጫጫል። አለቃዋ «ይሄ ፍቅረኛ መቼም አያስቀምጥሽ» እያለ ይቀልድባታል። መጀመሪያ ሁሉንም ታነብ ነበር፤ ቆይታ የመጨረሻዋን ብቻ፤ ኋላ ላይ ምንም ሳታነብ የአውራ ጣት ምልክት እየላከች ታልፍ ጀመር።

ከዚያ እስክሪብቶው ተሰበረ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ከባጃጅ ሲወርዱ ከኪሳቸው ወደቀና የኋላው ጎማ ደፈጠጠው። የሚያስታምሟቸው ጎረቤት እትዬ አስረሳች ለማህሌት ደውለው «ሌላ ፈልጊላቸው፣ ያለሱ ዲዳ ሆነዋል» አሏት። እሷም ሰመራ ናስር ሱቅ ገባች። ናስር ከወሎ መጥቶ ስልክ እየጠገነ፣ ቻርጀርና ከቨር እየሸጠ የሚኖር፣ ከመሸጥ ይልቅ መጠየቅ የሚቀናው ሰው ነው።

«ታብሌቱን ሳላይማ አልሸጥልሽም» አላት። እትዬ አስረሳች የታብሌቱን ጀርባ ፎቶ አንሥተው ላኩላት፤ አሳየችው።

«እህቴ፣ ይሄ የቆየ ነው። የሚግባባው ባትሪ ከማይፈልገው ከራሱ ዓይነት እስክሪብቶ ጋር ብቻ ነው። አዲሶቹ፣ እነዚህ ቻርጅ የሚደረጉት፣ ቢነኩትም አይሰማውም። ይሄ ጫፉ ላስቲክ የሆነው ደሞ ለሁሉም ይሠራል፤ ግን ለስክሪኑ እንደ ጣት ነው። መዳፍ ካረፈበት የቱ እንደሚጽፍ አይለይም። አባትሽ ሲጽፉ እጃቸውን ያሳርፋሉ?»

«ያሳርፋሉ።»

«እንግዲያ ወላሂ አይሆናቸውም፣ ይዘባርቅባቸዋል። ዱብቲ አንድ ደንበኛዬ ልክ የዚህ ዓይነት ታብሌት አለው። ስክሪኑ ነው የተሰበረው፣ እስክሪብቶው ደህና ነው። እደውልለታለሁ፣ ብቅ ብለሽ ውሰጂ።»

ዱብቲ ቅርብ ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ካልሆነ መንገዱ አይቆጠርም። ማህሌት ግን ጫፉ ላስቲክ የሆነውን አነሣች። «ለጊዜው ይሄ ይበቃቸዋል» አለች። ናስር ፊቷን አየት አደረገና ጠቀለለላት።

አዋሽ ለሚሄድ ሹፌር ሰጥታ ላከችው። ሥራ በዝቶብኝ ነው አለች ለራሷ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጸጥ አለ፤ እውነት ለመናገር ደግሞ ጸጥታው ተመቻት። ምሳዋን ተረጋግታ በላች፤ ስብሰባ ላይም አለቃዋ የሚቀልድበት አጣ። አንዳንዴ ብቻ፣ እየበላች ስልኩን ገልበጥ አድርጋ ታያለች። ምንም የለም። መልሳ ትደፋዋለች።

በመጨረሻ እትዬ አስረሳች ደወሉ። «ማህሌት ልጄ፣ ጋሼ ታብሌቱን ሳጥን ውስጥ አስከተቱኝ። ሲሞክሩ ሲሞክሩ ከርመው ተዉት። እጄ ሞቷል ነው መሰለኝ የሚሉት፤ እጃቸውን ያነሡና እንደ ጨርቅ ይጥሉታል። እህልም እንደ በፊቱ አይበሉም።»

ማህሌት የዚያኑ ዕለት ዱብቲ ሄደች። እስክሪብቶው ሰውየው መሳቢያ ውስጥ፣ እስከዚያ ቀን ማንም ሳይፈልገው ተቀምጧል። ይዛው ስትመለስ ቢሮዋ ገና አልተዘጋም ነበር። ይህን ስታይ በራሷ አፈረች።

አዋሽ ስትደርስ አባቷ በረንዳ ላይ ነበሩ። ከስተዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አሳይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ።

ታብሌቱን ከሳጥን አውጥታ ቻርጅ አደረገችና ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሀ» አለ። የሚቀጥለውም ላይ «ሀ»። ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። አንዷ «ሀ» ላይ መስመር ተጋድሞባታል፣ የሌላዋ ግማሽ ጠፍቷል። ዕድሜ ልካቸውን ሲጽፉ የኖሩ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሀ ሲለማመዱ ከርመዋል። ባለ ላስቲኩን እስክሪብቶ አጥብቀው እንዲይዙት ወገቡ ላይ ፋሻ ጠምጥመውበታል።

«እኔማ የማይሠራው ዕቃው ነው ብዬ ነበር» አሉ እትዬ አስረሳች። «ልጄ መርጣ የላከችውን ብለው በዓይናቸው ተቆጡኝ።»

ማህሌት ቀና ብላ አባቷን ልታያቸው አልቻለችም። ከቦርሳዋ የዱብቲውን አወጣች። «እስቲ ይሄንን ይሞክሩት፣ አባባ።»

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ፈራ ተባ እያሉ መዳፋቸውን አሳረፉ። «ማህሌት» ብለው ጻፉ። ጥርት ብሎ ወጣ። እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው «እጄ ደህና ነው!» ብለው ጻፉ። ከሥሩም «ያኛው ምን ሆኖ ነው? ሻጩ አታለለሽ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ናስር ሰመራ ነው፣ አይሰማም።

«አላታለለኝም» አለች። «እንደማይሆንዎት ነግሮኝ ነበር። ይሄኛው ዱብቲ እንዳለም ነግሮኛል። እያወቅሁ ነው የላክሁት።»

እስክሪብቶው ከስክሪኑ በላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው ጻፉ፦ «ብዙ ስለምጽፍብሽ ነው?»

ማህሌት አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። አባቷ እስክሪብቶውን አዙረው አቀበሏት፤ ድምፅ እንቢ ላለው ሰው ምን እንደሚደረግለት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

መዳፏን አሳርፋ ከጥያቄያቸው ሥር «አዎ» ብላ ጻፈች። ጥርት ብሎ ወጣ።