ንጎር እና ነጩ ዱቄት

ንደላ በፒኪን ከተማ ገበያ መግቢያ ላይ ቡና ትሸጣለች። ጃር የሚሉትን የሚያቃጥል ቅመም አብራ ቆልታ ስለምታፈላው፣ ሾፌሩም ዓሣ ነጋዴውም ጠዋት ሳይቀምሰው አያልፍም። ታናሽ ወንድሟ ንጎር ደግሞ አሸዋ ሜዳ ላይ የሚታገል ታጋይ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለቴ ተከታትሎ ተጥሎ ጀርባው አሸዋ ስለነካ ሰፈሩ መሳቂያ አድርጎታል። አሁን ከጎረቤቱ ሰፈር ከቲያሮዩ ታጋይ ከላቲር ጋር ሊገጥም ቀን ተቆርጧል፤ ይሄንን ከተሸነፈ ከእንግዲህ የሚጠራው የለም።

ሰሞኑን ጠባዩ ተለዋወጠባት። እንቅልፍ የለውም፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል።

«ምንድነው የምትወስደው?» አለችው አንድ ማለዳ።

«ቡና።»

«እኔ ላይ ነው የምታሾፈው?»

ንጎር ስቆ ከኪሱ ክኒን አወጣ። «የቡናው ጉልበት፣ ካፌይን የሚሉት፣ ብቻውን ተነጥሎ ነው እታለም። አንዷ ያንቺን ሁለት ስኒ ታህላለች። አሰልጣኛችን ዋሊ ነው ያመጣልን። አንቺ በማንቆርቆሪያ የምትሸጪውን እሱ በብልቃጥ ይሸጣል፣ በቃ።»

«የኔን እያቃጠለህ ፉት ስትል ሆድህ ራሱ በቃኝ ይላል። ይሄንን ማን በቃ ይለዋል?»

«አይ እታለም! ገበያዬን ይሻማኛል ብለሽ ፈርተሽ ነው» አለና ክኒኑን በሷው ቡና አወራረደው። ንደላ ሳቀች፤ ከአንጀቷ ግን አልነበረም።

ክኒኑ ሲለመድ አልሰማ አለው። ይሄኔ ዋሊ ነጭ ዱቄት አመጣ። «ንጹሑ ካፌይን ይሄ ነው፤ ትንሽ ነው የሚወሰደው» አለ። ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሆነ አልነገራቸውም፤ የሚመዝኑበትም አልነበራቸውም። አንድ ሞቃት ረፋድ ንጎር የሻይ ማንኪያውን እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ በውሃ በጥብጦ ጨለጠውና ባሕር ዳር ሊሮጥ ወጣ።

ብዙም ሳይሮጥ አስታወከው። ልቡ ደረቱን ሰብራ የምትወጣ መሰለው፤ አሸዋው ላይ ተዘረረ። ጓደኞቹ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ንደላ ማንቆርቆሪያዋን እሳት ላይ ትታ እየሮጠች ስትደርስ፣ ያ ግዙፍ ሰውነት አልጋው ላይ ይንዘፈዘፋል።

«እታለም፣ ልቤን ያዢልኝ» አላት።

ሐኪሟ የወሰደውን መጠን ስትሰማ የልብ ምቱን ደግማ ለካች። «ጤነኛ ትልቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ከፋፍሎ ሦስት አራት ስኒ ቡና ቢጠጣ ብዙውን ጊዜ አይጎዳውም። እሱ ግን ከአሥር ስኒ የሚበልጠውን ባንዴ ነው የዋጠው፤ ያውም በዚህ ሙቀት። ማስታወኩ በጀው።»

ንጎር ከሞት ተረፈ፤ ልቡ እስኪረጋ ግን ከትግል ታገደ። ንደላ ዋሊ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ ዋሊ፣ እባክዎ ሌሎቹን ልጆች እንኳ ያስጥሏቸው!»

«ወንድምሽ ልበ ደካማ ሆኖ ነው። ሌሎቹ ምን ሆኑ?» ብሎ ፊቱን አዞረባት።

ንጎርን የባሰ ያስጨነቀው፣ ላቲርም ዱቄቱን ከዚያው ከዋሊ እንደሚገዛ መስማቱ ነው። የትግሉ ቀን፣ እህቱ እንዳይሄድ እየለመነችው፣ ተነስቶ ሜዳው ሄደ። የላቲር ሰዎች ከሩቅ ሲያዩት ተንጫጩ።

«ንጎር መጣ! ቀሚሱን የት ረሳው?»

አልመለሰላቸውም። ላቲር ፊት ቆሞ የደረሰበትን ሁሉ ነገረው።

«አንተ ፈርተህ ቀረህ፤ አሁን ደግሞ እኔን ልታስፈራ?» አለ ላቲር።

«አዎ ፈርቻለሁ። ነገ እናትህ እንዳታለቅስ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ቅርብ የቆሙት ሳቃቸው ተቋረጠ። ላቲር ግን ጀርባውን ሰጠው። በንጎር ምትክ የገባውን ጥሎ አሸነፈ፤ ከበሮው ደለቀ፤ ንጎር አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ግዙፍ ሰው ገበያው መግቢያ ላይ መጥቶ ቆመ። ላቲር ነበር። ንደላ ቡና ልትቀዳለት ስትል እጇን ያዛት።

«አልጠጣም እህቴ። ወንድምሽ ልቤ ዘለለች ሲል... እንዴት እንዴት ነበር ያደረገው?»

ንደላ ፊቱን አየችው፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። ማንቆርቆሪያውን አውርዳ፣ ክንዱን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደችው።

ዋሊ ዛሬም እዚያው ባሕር ዳር ታጋዮች ያሠለጥናል። በየሳምንቱ አዳዲስ ልጆች ይመጡለታል።